ፖስታ ካልገባ ድምፅ አይደለም

ማናጀራችን ፎርሙን በጠረጴዛው ላይ ወደኔ ገፋ አደረገችው። መጨረሻው ላይ «ከዚህ ክስተት ምን ተማርክ?» የሚል ሳጥን አለ። ሦስት መስመር ነው ያለው። እንግሊዝ አገር ኬር ሆም (የአረጋውያን መጦሪያ) ስሠራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሰው ሲወድቅ ሞልቼዋለሁ፣ መድኃኒት ሲሳሳት ሞልቼዋለሁ። ውሻ ዘፈነ ብዬ ስሞላ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አክቲቪቲ የምትሠራው ልጅ ታማ ቀረች። ዓርብ ከሰዓት የሚያጫውት ጠፋ። «አንተ ጨዋታ ታውቃለህ» ተባልኩ። ሃንድኦቨር (የተረኛ መረካከቢያ) ላይ አንድ ቀን ሰው ካሳቃችሁ በቃ፣ አለቀላችሁ። ቢንጎ ሁሉንም አሰልችቷቸዋል። ስለዚህ ሳሎን ገብቼ «ምን እናድርግ?» አልኳቸው። የክፍል 9ኙ፣ የድሮ የአውቶቡስ ሹፌር፣ እጃቸውን አንስተው «ኦፖርቹኒቲ ኖክስ!» አሉ። ተኝተው የነበሩት ሁሉ ነቁ። (ሰውን በክፍል ቁጥር መጥራት በሥራችን ነውር ነው። እዚህ የማደርገው ስማቸውን ላለማውጣት ነው።)

ስሙን ሰምቼው አላውቅም ነበር። «ዕድል ታንኳኳለች» እንደማለት ነው፤ የድሮ የተሰጥኦ ውድድር ፕሮግራም ነው። ሻይ ሳልቀዳላቸው ክርክር ጀመሩ። አንዷ ሜሪ ሆፕኪን ትበልጣለች አሉ፤ በ1968 እዚያ ስትዘፍን ሞዴሏ ትዊጊ አይታ ለቢትልሱ ፖል ማካርትኒ የነገረችለት የዌልስ ልጅ ናት። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) ሌላው የለም፣ ሊና ዛቫሮኒ ናት አሉ። በ1974 ገና የ10 ዓመት ልጅ ሆና አምስት ሳምንት በተከታታይ አሸንፋለች። ከዚያ አንድ ሰው በ35 ዓመቷ መሞቷን አነሳ። ሳሎኑ ለአፍታ ዝም አለ።

ማታ በስልኬ ሳይ አመሸሁ። በ1949 ሬዲዮ ላይ ነው የተጀመረው። በ1956 አይቲቪ በሚባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ላይ ወጣ፣ ከ1964 እስከ 1978 ደግሞ አገሩን ቤት አስቀመጠው። አቅራቢው ሂዊ ግሪን ይባላል። «ከልቤ ነው የምላችሁ፣ ወገኖቼ» የምትል አባባሉን ቀልደኞች ሁሉ ይቀዱበት ነበር። እንደ አይድል ተደርድሮ የሚያመናጭቅ ዳኛ የለም። ይልቅ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ከነዋሱ ይመጣል። ጎረቤቱ ወይም ዘመዱ ቀድሞ ቀርቦ ስለሱ ይናገራል፣ ከዚያ እሱ ይገባል። ይህ ነገር ደስ አለኝ። እኛ አገር ልጅ ለማግባትም ለመበደርም እንዲህ አይደል?

ታዲያ የማይመጣ ዓይነት ሰው የለም። ዘፋኝ፣ ቀልደኛ፣ ገጣሚ። በ60ዎቹ ቶኒ ሆላንድ የሚባል ጡንቸኛ ሸሚዙን አውልቆ ጡንቻውን በሙዚቃ ምት ያስጨፍር ነበር። ትከሻ ቢጨምርበት እስክስታ ነው።

በመጨረሻ ክላፖሜትር የሚሉት የጭብጨባ መለኪያ ይመጣል። አዳራሹ ሲያጨበጭብ ቀስቱ ወደ ላይ ይወጣል። ይህችን ወደድኳት። ከፓድ (የአዋቂ ዳይፐር) ካርቶን ቆርጬ እስከ 100 ቁጥር ጻፍኩበት። ቀስቱን ከልብስ መስቀያ ሠራሁት። ከጀርባው ገመድ አለ። ገመዱን የምስበው እኔ ነኝ።

ማናጀራችን አይታው ሳቀች። ከዚያ ጠጋ ብላ «ሁሉም ከ90 በላይ ያግኙ፤ ማንም ቅር እንዳይለው» አለችኝ። ኢንስፔክሽን (ቁጥጥር) ሊመጣ ነው የሚል ወሬ ነበር። ኢንስፔክሽን በተባለ ቁጥር እኛ ቤት ሁሉም ሰው አንደኛ ይወጣል።

ዓርብ ደረሰ። የ9ኙ ሁለት ማንኪያ ጉልበታቸው ላይ እያጋጩ ተጫወቱ። 93። የክፍል 6ቷ ያንኑ አንድ ቤት ግጥም ሦስት ጊዜ ዘፈኑ፣ እኛም ሦስት ጊዜ አጨበጨብን። 95። ከኩሽና የመጣው ልጅ ሦስት ብርቱካን ወረወረ፣ ሁለቱን ቀለበ። 91።

ከዚያ የ14ቷ እጃቸውን አነሱ።

ስምንት ወር ሻይ አቀርብላቸዋለሁ። ስለሳቸው የማውቀው ሁለት ስኳር እንደሚወዱ ብቻ ነው። ዋስ የላቸውም። እኔ ልሁን አልኩና «ምን ብዬ ላስተዋውቅዎት?» ስል ጠየቅኳቸው።

«በ1966 ኦዲሽን ሄዳ አልተጠራችም በል።»

እንዳሉኝ አልኩ። ዎከራቸውን (መደገፊያቸውን) ይዘው ቆሙና መዝፈን ጀመሩ። ድምፃቸው ቀጭን ነው፣ ግን ዜማውን አልሳቱም። ሁለተኛው ቤት ላይ ሲደርሱ የማናጀራችን ውሻ ከሂተሩ ሥር ቀና አለ። (እሷ ውሻዋን ሥራ ይዛ ትመጣለች። እኛ ልጃችንን ይዘን ብንመጣ ምን እንደሚባል አላውቅም።) ውሻው አንገቱን ወደ ላይ ዘርግቶ ማላዘን ጀመረ። እሳቸው ከፍ ሲሉ እሱም ከፍ ይላል። ዝቅ ሲሉ እሱም ዝቅ። ሳሎኑ በሳቅ ፈረሰ።

እኔ ደሜ ቀጥ አለ። ላድናቸው ብዬ ገመዱን ባለ በሌለ ኃይሌ ሳብኩት። ተበጠሰ። ቀስቱ ተንሸራቶ ወርዶ 30 ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። እሳቸው ዘፈናቸውን ጨርሰው፣ ካርቶኑን አይተው፣ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

ሰው ሁሉ ወደ ሻይው ሲሄድ አጠገባቸው በርከክ አልኩ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«የምን ይቅርታ?»

«ውሻው።»

«ውሻው ጥሩ ድምፅ አለው።»

«በኛ አገር ሰው ሲዘፍን ውሻ አብሮ ቢያላዝን ትልቅ ነውር ነው። ከውሻ ጋር መነጻጸር ራሱ ስድብ ነው» አልኳቸው።

በጣም አዘኑልኝ። ለኔ ማለቴ ነው። «ሱ ፖላርድን ታውቃለህ?» አሉኝ። አላውቅም። «እሷም ኦፖርቹኒቲ ኖክስ ገብታ ሁለተኛ ወጣች። አንደኛ ማን ወጣ? የሚዘፍን ውሻ! ጃክ ራስል፣ እንዲህ አጭር። ከዚያ በኋላ አገር የሚወዳት ተዋናይ ሆነች።» ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። በጣታቸው ካርቶኑን አሳዩኝ።

«93፣ 95፣ 91። ሞኝ መሰልኩህ?»

ዝም አልኩ።

«ሁሉም 90 ካገኘ ማን ተሸነፈ?»

«ማንም።»

«እንግዲያው አልተወዳደርኩማ።»

መልስ አጣሁ። እሳቸው ቀጠሉ። ሂዊ ግሪን ቤትም ቀስቱ ለጨዋታ ነበር አሉ። የሚቆጠረው ከየቤቱ በፖስታ የሚመጣው ድምፅ ነው። አሸናፊው የሚታወቀው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። እውነታቸውን ነው፣ እኔም አንብቤዋለሁ፤ ግን ካርቶኑን ስቆርጥ ረስቼው ነበር።

«እሺ፣ ሳሎን ውስጥ ሳጥን ላስቀምጥ» አልኩ።

«ፖስታ ካልገባ ድምፅ አይደለም።»

ቴምብር በራሴ ገንዘብ ገዛሁ። 16 ሰው መረጠ። የሚንቀጠቀጥ እጅ ልደግፍ ስል «ሚስጥር ነው!» እየተባልኩ ተባረርኩ። አድራሻው የማናጀራችን ስም፣ እዚያው የምንሠራበት ቤት። ሺፍቴን ጨርሼ ስወጣ ጥግ ላይ ያለው ቀዩ የፖስታ ሳጥን ውስጥ ከተትኳቸው። ልጅ ሆኜ ለሬዲዮ የዘፈን ምርጫ ደብዳቤ ስጽፍ የነበረኝ ደስታ ትዝ አለኝ። ያኔ ስሜ ተጠርቶ አያውቅም።

ማክሰኞ ጠዋት ፖስታው ደረሰ። የማናጀራችንን ስም የያዘ፣ በእጅ የተጻፈ 16 ደብዳቤ። በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ ማለት ቅሬታ ማለት ነው። በሯን ዘጋች። አንዱን ከፈተች፦ «ውሻው።» ሁለተኛውን ከፈተች፦ «ለኔ ውሻው ነው።» ሦስተኛው ባዶ ወረቀት ነው። አራተኛውን አልከፈተችም። ወደ ዋናው ቢሮ ደውላ ነዋሪዎቹ በውሻዋ ላይ ተደራጅተው ቅሬታ ማስገባታቸውን በራሷ አንደበት አሳወቀች።

እኔ ስጠራ ቀሪዎቹን አብረን ከፈትናቸው። ውሻው 8፣ የ14ቷ 5፣ የማንኪያው ሰውዬ 1 (ጽሕፈቱ የራሳቸው ነው)፣ ባዶ 1። የክፍል 6ቷ ለሂዊ ግሪን ሰጥተዋል።

ዋናው ቢሮ ግን አንዴ ከሰማ ሰማ ነው። ፎርም ይሞላ ተባለ። ያለ ፈቃድ ደብዳቤ በማስላክ፣ የነዋሪን ክብር በሚነካ ሁኔታ ከእንስሳ ጋር በማወዳደር። ማን እንደደወለ የሚጠይቅ ሳጥን ፎርሙ ላይ ፈለግኩ፣ የለም። ስለ 90ውም የሚጠይቅ የለም። የትምህርት ሳጥኑ ላይ «ወደፊት ጠንካራ ገመድ እጠቀማለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ማናጀራችን ፎርሙን መልሳ ሰጠችኝ። «ከማናጀር ጋር እመካከራለሁ» ብዬ ቀየርኩት። ተቀበለችው።

ውጤቱን ልነግራቸው ክፍል 14 ስገባ ፀጉራቸውን እያበጠሩ ነበር።

«ሁለተኛ?»

«ሁለተኛ። ውሻው በ3 ድምፅ በለጠ።»

«እንደ ሱ ፖላርድ» አሉና ማበጠሪያቸውን አስቀመጡ። ቆየት ብለው «እኔም ለውሻው ነው የሰጠሁት» አሉኝ።

ውሻው ሪስክ አሰስመንት (የአደጋ ግምገማ) እስኪሠራለት ድረስ ሳሎን እንዳይገባ ተብሏል። ቢሮ ውስጥ ይውላል። ቢሮው ከ14 ክፍል በአንድ ኮሪደር ነው። ዓርብ ከሰዓት የ14ቷ በራቸውን ገርበብ አድርገው ይቀመጡና ሁለት ስንኝ ያንጎራጉራሉ። ከዚያ ዝም ብለው ያዳምጣሉ። ከወዲያ በኩል መልስ ሲመጣ፣ የማናጀራችን በር ሲዘጋ ይሰማል።