«ብልሽት መፈለግ ሥራ ነው ወይ?»

ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ከማስተምራቸው ልጆች ብዙዎቹ ትምህርቱን መርጠው አልመጡም፤ ከአንደኛ ዓመት በኋላ በውጤት ሲደለደሉ የደረሳቸው ነው። በላዩ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና አለ፤ 50 ከመቶ ካልመጣ ዲግሪ የለም። እንዲህ ላለ ልጅ «ግብህ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ከባድ ነው። ይህን ያላገናዘበ አንድ እንግዳ አዳራሽ ሙሉ ተመራቂ ፊት ያደረገው ነገር ዛሬም ያንገበግበኛል።

ሰውየው ሶፍትዌር በሚያመርት ድርጅት ውስጥ ትልቅ ኃላፊ ነው። ተማሪዎቹን እያስነሣ ከአምስት ዓመት በኋላ ምን ሆነው እንደሚያገኛቸው ጠየቀ። የሶፍትዌር መሐንዲስ፣ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ባለሙያ፣ የድርጅት ባለቤት፤ ለሁሉም ተጨበጨበ።

ከኋላ የተነሣች ተማሪ ግን በባንክ ቅርንጫፍ ልምምድ ላይ ሳለች የገጠማትን አወራች። የአንድ ገንዘብ ከፋይ ኮምፒውተር አልፎ አልፎ ከኔትወርኩ ይወጣል፤ ሠራተኛው አጥፍቶ በማብራት ያልፈዋል። እሷ የሚቋረጥበትን ሰዓት በደብተር ስትመዘግብ ችግሩ የሚመጣው ማተሚያው ሲበራ መሆኑን ደረሰችበት። ለማተሚያው በእጅ የተሰጠው የአይፒ አድራሻ፣ ማለትም መሣሪያው በኔትወርኩ ላይ የሚለይበት ቁጥር፣ ሰርቨሩ (ኔትወርኩን የሚያገለግለው ዋና ኮምፒውተር) ለሌሎቹ ኮምፒውተሮች በራሱ ከሚያድላቸው አንዱ ኖሯል። ማተሚያው ጠፍቶ ሲቆይ አድራሻው ለኮምፒውተሩ ይሰጣል፤ ማተሚያው ሲበራ ሁለቱ ይጋጫሉ።

እንግዳው «ይህ የጥገና ሠራተኛ ሥራ ነው፤ ዲግሪ ይዘሽ ከፍ ያለ ነገር አልሚ እንጂ» አላት። አዳራሹ ሳቀ፤ ልጅቷ ተቀመጠች። ማይክሮፎኑን ተቀብዬ፣ በዚያ ቀን ከተነገረው ሁሉ በተግባር የተሠራ ነገር ያቀረበችው እሷ ብቻ መሆኗን ተናገርኩ። ለእሱ ያልኩት ይኸው ነው።

በማግስቱ ቢሮዬ መጣች።

«መምህር፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ብልሽት መፈለግ ሥራ ነው ወይ?»

«ነው እንጂ! የባንክ መስመር ሲቋረጥ ማስገባትም ማውጣትም ይቆማል። ሌሊት ኤቲኤሙ እንዳይቋረጥ ነቅቶ የሚከታተለው ማን ይመስልሻል?»

«የሚቀጥር አለ?»

አብረን የሥራ ማስታወቂያዎችን አወጣን። የኔትወርክ አስተዳዳሪ፣ የሲስተም አስተዳዳሪ፣ የመረጃ ደኅንነት ባለሙያ። ከየማስታወቂያው የተፈለገውን ችሎታ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፈች፤ ሊኑክስ የተባለው የኮምፒውተር ስርዓተ ክወና፣ ኔትወርኮችን የሚያገናኘውን ራውተር ማዋቀር፣ ሰርቨር የሠራውን የሚመዘግብበትን መዝገብ ማንበብ። የምታውቀውን ምልክት አደረገችበት። ያልታወቀው የቀሪው ሴሚስተር ዕቅዷ ሆነ። በልምምድ ላይ ወደ ተቆጣጠራት ባለሙያም ደውላ እሱ በምን በኩል እንደገባ እንድትጠይቀው ነገርኳት።

ከዚያ ወዲህ ስለ አምስት ዓመት አልጠይቅም። ልምምድ ጨርሰው ሲመለሱ «ሰዓቱ ሳይታወቃችሁ ያለፈው በየትኛው ሥራ ላይ ነው?» እላለሁ። ያላዩትን ሥራ እንዴት ይመኙታል?

ይህም ቢሆን ለሁሉም አይሠራም። ዘንድሮ አንድ ልጅ «በየትኛውም» አለኝ። ፕሮግራም መጻፍ ይሰለቸዋል፤ ኬብል መዘርጋትም እንደዚያው። ደጋግሜ ስጠይቀው የልምምድ መሥሪያ ቤቱን የንብረት መዝገብ ከወጪው ጋር ሲያመሳክር እንደተደሰተ ነገረኝ። ሒሳብ አያያዝንና ዳታቤዝን አጣምሮ የሚያውቅ ሰው በባንክም፣ የመንግሥት ወጪና ገቢ በሚመዘገብበት ሥርዓትም እንደሚፈለግ አስረዳሁት።

«ታዲያ ለምን እዚህ ተመደብኩ?» አለኝ። ለዚህ የምሰጠው መልስ አልነበረኝም። አሁን ቀን ለመውጫ ፈተናው ያጠናል፤ ማታ የሒሳብ አያያዝ መጽሐፍ ያነባል።