ከቀለሙ በፊት ምግቡን፦ ኪንግፊሸሮችን የለየሁበት መንገድ

ኪንግፊሸር፣ ማለትም ዓሣ አጥማጅ ወፍ፣ በዓለም ላይ ከ110 በላይ ዝርያ አለው። ይህን ሁሉ ሸምድዶ መያዝ የሚሆን አይደለም። እኔ የጀመርኩት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር አንድ ቦታ ቁጭ ብዬ ነው። የቀለሙን ነገር ለጊዜው ተውኩት። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነበር፦ የት ያርፋል? ምን ይበላል?

ጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ከሄዳችሁ ጥቁርና ነጩን ታገኙታላችሁ። ከውሃው በላይ አየር ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ክንፉ ይርገበገባል፣ ጭንቅላቱ ግን ንቅንቅ አይልም፤ መንቁሩን ቁልቁል ደግኖ ይጠብቃል። ከዚያ እንደተወረወረ ድንጋይ ይወርዳል። ደረቱን እዩት። ሁለት ጥቁር መቀነት ካለው ወንድ ነው፤ አንድ ብቻ ከሆነና መሃሉ ላይ ከተቋረጠ ሴት ናት። ትንሽ ዓሣ ከያዘ እዚያው እየበረረ ይውጠዋል። ለዚህ ነው ከዳር ርቆ ማጥመድ የሚችለው።

ቄጠማው ላይ ደግሞ መንቁሩ ቀይ፣ ጀርባው ደማቅ ሰማያዊ የሆነ ጢኒጥ ወፍ አለ። እሱ አድፍጦ ነው የሚጠብቀው።

ጥያቄዬ በደንብ የጠቀመኝ ከውሃው ስርቅ ነው። ግራር ላይ የሚያርፈው ባለ ግራጫ ራሱ ፌንጣና እንሽላሊት ነው የሚለቅመው፤ ዓሣ ጉዳዩ አይደለም። ዝንጉርጉሩም እንደዚያው። የዚህኛው ሳይንሳዊ ስም፣ ሃልሲዮን ቼሊኩቲ፣ ከትግራይዋ ጨለቆት የተወሰደ ነው። በ1814 የተሰጠው ይህ ስም እስከዛሬ በመላው ዓለም መጠራቱ በጣም ያስደስተኛል።

የሌላውን ዓለምም የያዝኩት በዚሁ መንገድ ነው። የአውስትራሊያው ኩካቡራ እባብ ይዞ ቅርንጫፍ ላይ እየደበደበ ይገድላል። ኒው ጊኒ ውስጥ በሰፊ መንቁሩ ጭቃ ቆፍሮ ትል የሚያወጣ አለ። አሜሪካ አህጉር ላይ ያሉት ስድስት ዝርያዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱ ከውሃ ዳር አይርቁም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ብዙዎቹ የሚፈለፍሉት አፈር ገደል ውስጥ በቆፈሩት ጉድጓድ ነው። ዓሣ ይዞ ያረፈ ካያችሁ የዓሣውን ጭንቅላት እዩ። ከወፉ መንቁር ወደ ውጭ ከዞረ ብዙውን ጊዜ ለጫጩቶቹ ነው። ጉድጓዱ አጠገብ ቆማችሁ ከሆነ ቶሎ ራቁለት፤ እናንተ እያላችሁ ለመግባት ይፈራል።