የሳይክል ጥገና ልምምዴ፦ ስምንተኛው ወር፣ ኅዳር

ኅዳር የኩርንችት ወር ነው። ክረምቱ ሲወጣ መሬት ለመሬት ተስቦ ቢጫ አበባ ያበበው አሁን ደርቆ እሾሁን በየመንገዱ ዳር በትኗል። ኮምቦልቻ ውስጥ ከአስፋልት ወረድ ያለ ሳይክል ሁሉ ጎማው እየተነፈሰ እኛ ጋ ይመጣል። ባለፈው ቅዳሜ ብቻ 11 ከመነዳሪ ለጠፍኩ። ሚያዝያ ላይ ስጀምር አንዱ ግማሽ ቀን ይፈጅብኝ ነበር።

መለጠፉ ራሱ ቀላል ነው፤ ሰው ፊት የሚያዋርደው የቸኮለ እጅ ነው። ጥቅምት ላይ የአንድ ተማሪ ከመነዳሪ አሳምሬ ለጥፌ፣ ነፍቼ ሰጠሁት። ልጁ ቦርከና ድልድይ ሳይደርስ እየገፋ ተመለሰ። ለካ እሾሁ ጎማው ላይ እንደተሰካ ቀርቷል! ውስጡን ዙሪያውን በጣቴ አልዳሰስኩትም ነበር። አሁን ጣቴ እየተወጋም ቢሆን እዳስሳለሁ። ማስቲሽም እንደዚሁ ነው። ከመነዳሪውን በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ፣ ስስ አድርጎ ቀብቶ፣ ጣት ሲነካው እስከማይጣበቅ ድረስ 5 ደቂቃ ያህል መተው ነው። የጋራዡ ባለቤት ጋሼ ግን በሰዓት አይለኩም፤ «አቦሏን ጠጥተህ ስትጨርስ ለጥፍ» ነው የሚሉኝ። ቡና የምታፈላው ጎረቤታችን ስላለች መለኪያው አያስቸግርም።

የኔ ዋና በሽታ ማጥበቅ ነው። ግንቦት ላይ የግራ ፔዳል ስገጥም እንደማንኛውም ብሎን ወደ ቀኝ አዞርኩት። እምቢ ሲለኝ ጉልበት ጨመርኩ። የግራ ፔዳል ጥርሱ ግልባጭ ነው፤ የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው። እኔ ሳውቅ ፔዳሉ የሚገጠምበት ክንድ ጥርስ ተበልቶ አልቋል። ጋሼ አልጮሁም። «አብሽር፣ ሁለተኛ አትረሳውም» ብለው ከአሮጌ ሳይክል ክንድ ፈተው ሰጡኝ። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚህ ወር ያው በሽታ የኋላ ጎማ ሞዞ (ሽቦዎቹ የሚሰበሰቡበት መሃል) ላይ ተነሣብኝ። አሮጌ ሳይክሎች ኩሽኔታቸው የተዘጋ አይደለም፤ በአብዛኛው በየጎኑ 9 ብይ በግራሶ ውስጥ ተደርድሮ፣ ሾጣጣ ዳዶ ከላይ ይይዘዋል። ሾጣጣዋን ካጠበቅኋት ጎማው እየተንገራገጨ ይዞራል፣ ካላላኋት ወደ ጎን ይላወሳል። አራት ጊዜ ፈትቼ ገጠምኩ። በኋላ የገባኝ፣ በላይዋ ያለው መቆለፊያ ዳዶ ሲጠብቅ ሾጣጣዋን ትንሽ ወደ ውስጥ ይገፋታል። ስለዚህ መጀመሪያ ጥቂት ላላ አድርጎ መተው፣ ቀሪውን መቆለፊያው ይጨርሰዋል። ለመፈተሽ ጎማውን ከመሬት አንሥቼ ቀስ አድርጌ እለቀዋለሁ፤ የመንፊያው አፍ ያለበት ጎን ከበድ ስለሚል ወደ ታች ወርዶ፣ እንደ ዥዋዥዌ ወዲያ ወዲህ ብሎ ከቆመ ጥሩ ነው። ድርቅ ብሎ ከቀረ እንደገና ልፈታ ነው። (አሮጌዎቹን ብዮች የሰፈር ልጆች ተሻምተው ይወስዷቸዋል። ከመስታወቱ ብይ ይልቅ የብረቱ ይከበራል።)

የተጣመመ ቸርኬ ማቅናትንም ጀምሬያለሁ። 36 ሽቦ ነው፤ ቸርኬው ወደ ግራ ካጋደለ እዚያው ቦታ ላይ የቀኙን ሽቦ ማጥበቅ ወይ የግራውን ማላላት፣ በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር ሳያልፉ። እኔ ሙሉ ዙር ሰጥቼ ክቡን እንቁላል አስመስየዋለሁ። ጋሼ ሽቦዎቹን ጥንድ ጥንድ አድርገው በጣታቸው ቆንጠጥ እያደረጉ እንደ ክራር ድምፃቸውን ይሰማሉ። እኔ ገና ልዩነቱ አልገባኝም፤ ሁሉም አንድ ድምፅ ነው የሚሰጠኝ።

ካቴና (የሳይክሉ ሰንሰለት) ላይ ግን ጆሮ አያስፈልግም፣ ማስመሪያ ይበቃል። ከአንድ ፒን ተነሥቶ 24 ክፍተት ሲቆጠር አዲሱ 30.5 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው። 30.8 ከደረሰ አልቋል፤ ዘይት ቢጠጣ አይድንም፣ የሚዞርበትን ጥርስም እየበላ ነው።

ፍሬን በዚህ ወር ብዙ አልነካሁም። ከደሴ ሐረጎን በሳይክል የወረደ ጎረምሳ ሁሉ ግን ጎማዋ ያለቀ ፍሬን ይዞ ነው የሚመጣው። ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፣ ምን ይደረግ። አንዱን «ፍሬኑን ሳትለቅ ይዘህ አትውረድ፣ ያዝ ለቀቅ አድርግ» ብለው ሳቀብኝ። ሁለተኛ ሲመጣ ቸርኬው ራሱ ተቦጭሯል።

ለታኅሣሥ የያዝኩት ያንኑ እንቁላል ቸርኬ ነው፤ ጋሼ ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል፣ ሌላ ሰው እንዳይነካው ብለዋል። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፦ ለሾጣጣዋ የሚሆን ቀጭን 15 ቁጥር ቁልፍ ደሴም ፈልጌ አጣሁ። አሁን የምሠራው ተራ ቁልፍ በግራይንደር አስሳስቼ ነው፣ እሱም መጣመም ጀምሯል። ያገኘ ካለ ከየት እንደሆነ ይጠቁመኝ።