ጎንደር ላይ ግድግዳና ጋን ማዳመጥ

ፋሲል ግቢ የገባ ጎብኚ አንገቱን ቀና አድርጎ ነው የሚዞረው። አይፈረድበትም፤ ዐፄ ፋሲል በ1636 እ.ኤ.አ. የቆረቆሩት ከተማ ግንብ ዓይን ይስባል። እኔ ግን ዘንድሮ ጎንደርን የዞርኩት የባቡር ሙዚየም አስጎብኚዎች የሚያውቁትን አንድ ነገር ይዤ ነው። እዚያም ሰው ሁሉ ሎኮሞቲቩ ፊት ፎቶ ይነሣል፤ ረጅም እጀታ ያላትን ትንሽ መዶሻ ዞር ብሎ የሚያያት የለም።

መዶሻዋ የባቡር ጎማ መፈተሻ ናት። ባቡሩ ሲቆም ሠራተኛው በየጎማው እየሄደ ጠርዙን ይመታል። ደህናው ብረት እንደ ደወል ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል፣ ምክንያቱም ንዝረቱ ስንጥቁ ላይ ሲደርስ ይቋረጣል። ፍሬን የያዘው ጎማ ግን ደህና ሆኖም ይታፈናልና መጀመሪያ ፍሬኑ መለቀቅ አለበት። ይህን ሁሉ ለጎብኚ ከመተንተን በፊት አንዴ መትቶ ማሰማት ይሻላል። ስሙን አስቀድሞ የነገሩት ሰው ጆሮውን አያቀናም።

ጎንደር ላይ ይህ ዕውቀት በየቤቱ አለ። በደባርቅ መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብላ የምትገኘው ወለቃ፣ ቤተ እስራኤላውያን ይኖሩባት የነበረች የሸክላ መንደር ናት። ሸክላ የሚያውቅ ገዢ ጋን ሲገዛ መልኩን አይቶ አይረካም፤ በጣቱ አንጓ ሆዱን ኳ ኳ ያደርጋል። ጥርት ብሎ ካስተጋባ ይገዛል፤ ጭፍግግ ካለ ይመልሳል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ከማድረቂያው ወይም ከእሳቱ ነው፤ ሳይደርቅ እሳት የገባ ሸክላ ውስጡ የቀረው ውኃ እንፋሎት ሆኖ ይሰነጥቀዋል፤ እሳቱ በአንድ ወገን ከበረታም እንዲሁ።

ለእንግዳ ማሳየት ለሚፈልግ አስጎብኚ፣ መጠናቸው አንድ የሆነ ሁለት ማሰሮ ይበቃል፤ አንዱ ደህና፣ አንዱ ስንጥቁ በዓይን የማይለይ። ሁለቱም ባዶና ደረቅ ይሁኑ፤ እርጥብ ሸክላ ድምፁ ይሞታል። ማቶት ላይ ይቀመጡ እንጂ ደረት ላይ አይታቀፉ፤ ሰውነት ድምፁን ይውጠዋል። እንግዳው ዓይኑን ጨፍኖ ራሱ ይምታ። የትኛው ደህና እንደሆነ የሚያጣ አላየሁም፤ ሕፃናት ደግሞ ከሁሉ ይፈጥናሉ።

ከወለቃ መልስ ያው ግንብ ሌላ ነው። ቅርሱን የሚጠግኑ ባለሙያዎች ልስኑን እንደ ጋኑ ቀስ ብለው እየነኩ፣ ከድንጋዩ የለቀቀውን ባዶ በሚለው ድምፁ ይለያሉ። ይህ ለባለሙያ የተተወ ሥራ ነው፤ ጎብኚው ግድግዳውን እንዳይመታ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ለእሱ የሚበቃው በድንጋዮቹ መካከል ያለው ነጣ ያለ ኖራ ነው፤ በእኔ እምነት በግቢው ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የተዘነጋው እሱ ነው።

በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ግንቡ ሲጠገን ሲሚንቶ ገብቶበት ነበር፤ ኋላ ተነሥቶ በኖራ ተተካ። ምክንያቱን በእጅ ማሳየት ይቻላል። አንድ እጅ ኖራ በሦስት እጅ አሸዋ ለውሶ በመዳፍ ስፋት ይጋገራል፤ ሌላው በሲሚንቶ። ኖራው አየር እየሳበ ነው የሚጠነክረው፤ ስለዚህ ሳምንታት በጥላ ይቆይ፣ አልፎ አልፎም ውኃ ይረጭ፤ ቶሎ ከደረቀ ይፈረፈራል። ሲለወስ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላልና ጓንትና መነጽር ያስፈልጋል። ከዚያ በሁለቱም ላይ የውኃ ጠብታ ይደረግ። ኖራው ይመጠዋል፣ ኋላም ወደ አየር ይለቀዋል። ሲሚንቶው ላይ ግን ጠብታው ብዙ ይቆያል። በእንዲህ ያለ ግድግዳ ውስጥ የገባ እርጥበት በመጋጠሚያው መውጫ ስለሚያጣ በድንጋዩ በኩል ይወጣል፤ የያዘው ጨውም ከፊቱ ሥር እየደረቀ ድንጋዩን ቅርፊት በቅርፊት ይልጠዋል። ሁለቱ ጋገራዎች በኪስ ይያዛሉ፤ ግንቡ ጥላ ሥር አውጥቶ ማሳየት አምስት ደቂቃም አይፈጅም።