የሪዞርት ስብስብ ግምገማ፦ ከ2026ቱ ወቅት የተያዙ የሥራ ማስታወሻዎች

ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ሪዞርት ወይም ክሩዝ የፋሽን ቤቶች በሁለቱ ዋና ወቅቶች መካከል የሚያቀርቡት የልብስ ስብስብ ነው። የ2026 ሪዞርት የሚባለው በ2025 ከኤፕሪል መጨረሻ ጀምሮ እስከ ጁን የታየውና ከኖቬምበር ወዲህ ሱቅ መግባት የጀመረው ነው። ሻኔል ይህንኑ ወቅት ክሩዝ 2025/26 ብሎ ይጽፈዋል። ስለዚህ ፋይል ሲከፈት ከወቅቱ ስም በፊት ትርዒቱ የታየበት ቀን ይጻፍ። በስም ብቻ የተቀመጠ ፎቶ ሲቆይ ካለፈው ዓመት ፎቶ ጋር ይደባለቃል፤ ንጽጽሩም ያኔ ይበላሻል።

በዚህ ወቅት ከግምገማ ቅጹ ላይ በጣም ያስቸገረው «ዲዛይነር» የሚለው መስመር ነበር። ሻኔል ኤፕሪል 29 ኮሞ ሐይቅ ዳር ቪላ ዴስቴ ሲያቀርብ ማትዩ ብላዚ ዲዛይነር ሆኖ ቢሾምም ሥራው ገና አልታየም ነበር፤ ስብስቡን ያወጣው የፋሽን ቤቱ ስቱዲዮ፣ ማለትም የውስጥ ዲዛይን ቡድኑ ነው። ጉቺም ሜይ 15 ፍሎረንስ ላይ ያሳየው ዲዛይነሩ ሳባቶ ደ ሳርኖ ከሄደ በኋላ፣ ተተኪው ዴምና ከመግባቱ በፊት ስለነበር የስቱዲዮ ሥራ ነው። ዲዮር ደግሞ ሜይ 27 ሮም፣ ቪላ አልባኒ ቶርሎኒያ ላይ አቀረበ፤ ዲዛይነሯ ማሪያ ግራትሲያ ኪዩሪ ከቤቱ መልቀቋ የተነገረው ከሁለት ቀን በኋላ ስለሆነ ስብስቡ የእሷ ነው። የሻኔልንና የጉቺን ስብስቦች ግን «ዲዛይነሩ እንዲህ አሰበ» እያሉ መጻፍ አያስኬድም። የስቱዲዮ ሥራ ሲሆን ጥያቄው ይለወጣል፦ ቤቱ ከድሮ ሥራው የትኛውን ይዞ ቀጠለ? የትኛው ቁልፍ፣ የትኛው ቦርሳ፣ የትኛው የጃኬት አቆራረጥ ሳይነካ ቀረ? ስቱዲዮ አዲስ ሐሳብ ለማምጣት ፈቃድ የለውም፤ የሚሸጠውን ግን ከማንም በላይ ያውቃል። እንዲህ ያለውን ስብስብ «ደፋር አይደለም» ብሎ መንቀፍ ፍሬ ቢስ ነው።

ስለ ቦታው አጭር ልበል። ሻኔል በ2016 ሃቫና ጎዳና ላይ፣ ሉዊ ቪቶን በዚያው ዓመት ብራዚል ኒቴሮይ ውስጥ አርክቴክቱ ኒማየር በነደፈው ሙዚየም ካቀረቡ ወዲህ የሪዞርት ግምገማ ግማሹ የቱሪዝም ጽሑፍ ሆኗል። ለቦታው ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። ከዚያ በላይ የሚጻፍለት ልብሱ ላይ ያረፈ ነገር ሲኖር ብቻ ነው። ሉዊ ቪቶን ሜይ 22 ፈረንሳይ አቪኞ በሚገኘው የጳጳሳት ቤተ መንግሥት ሲያቀርብ የመካከለኛው ዘመን ነገር ልብሱ ላይ ስለታየ ግቢው መነሣቱ ተገቢ ነው።

አሁን ወደ ጨርቁ። ፎቶዎቹን ሦስት ጊዜ ማየት ጥሩ ውጤት ሰጥቷል። መጀመሪያ በስልክ መጠን በፍጥነት፣ ምንም ሳይጻፍ። በዚህ ዙር የሚታየው ቅርጽ ብቻ ነው፦ ወገቡ የት ነው፣ ትከሻው ይሰፋል ወይስ ይወድቃል፣ ርዝመቱ ከጉልበት በላይ ነው ወይስ ቁርጭምጭሚት። ቀጥሎ በትልቅ ስክሪን፣ ስፌቱን ለማየት። በመጨረሻ ቪዲዮ፣ በግማሽ ፍጥነት። ቪዲዮው የማይዘለለው፣ አብዛኛው ፎቶ እግር በተነሣበት ቅጽበት ስለሚነሣ ነው፤ ማንኛውም ቀሚስ ያኔ የሚንሳፈፍ ይመስላል። ሞዴሏ ስትዞር ጠርዙን ማየት ነው። ጠርዙ ዘግይቶ ከተከተለ ጨርቁ ክብደት አለው ወይም ከታች ገበር አለው፤ ቀድሞ ከተነሣ ሺፎን ወይም የመሳሰለው ስስ ነገር ነው።

ከተልባ ክር የሚሠራው ሊነን የሚታወቀው በክርን ውስጥና በብሽሽት ላይ በሚያወጣው አጭርና ስለታም እጥፋት ነው። ቪስኮስ (ከእንጨት የሚሠራ ለስላሳ ክር) ከተቀላቀለበት እጥፋቱ ክብ ይሆናል። ነገር ግን ልብሱ መድረክ ከመውጣቱ ደቂቃዎች በፊት በእንፋሎት ስለሚተኮስ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ላይ እጥፋት አለመታየቱ ምንም አያረጋግጥም፤ ሞዴሏ ስትመለስ ያለውን ፎቶ ፈልጉ። የጥጥ ፖፕሊን ከሰውነት ይርቃል፤ እጅጌው አናት ላይ ቅርጹን ይዞ ይቆማል። በካሬ ሜትር ከ100 እስከ 130 ግራም አካባቢ ስለሆነ ቀላል ነው፤ የሚያቆመው ጥብቅ አሠራሩ ነው። ሺፎን የዚህን ግማሽ እንኳ ላይመዝን ይችላል።

የሚያብለጨልጭ ሁሉ «ሐር» እየተባለ መጻፉ አሁንም አልቀረም። ሳቴን የአሸማመን ዓይነት ነው፤ ከሐርም ከፖሊስተርም ከቪስኮስም ይሠራል። ከፎቶ ላይ «ሳቴን» ማለት ይቻላል፣ «ሐር» ማለት አይቻልም። ሐር መሆኑ የሚጻፈው መለያው ላይ ከተነበበ በኋላ ነው።

የዲዮር የሮም ትርዒት ለዚህ ሁሉ ጥሩ ፈተና ነው፤ ከሞላ ጎደል ነጭና የዝሆን ጥርስ ቀለም ነበርና። ነጭ በነጭ ላይ ሲመጣ ካሜራው ዝርዝሩን ይውጠዋል፤ ሃያ ቀሚስ አንድ ይመስላል። ነጠላና ጋቢን በቀለም የሚለይ ሰው የለም፤ የሚለየው በድርበቡና በክብደቱ ነው፤ እዚህም እንደዚያው። የፎቶውን ብርሃን ዝቅ አድርጋችሁ ሦስት ቦታ እዩ። አንደኛ፣ ጨርቁ የሚደራረብበት፦ የታጠፈው ጠርዝ፣ የኪሱ አፍ፣ የጎን ስፌት። እዚያ ነጩ በጣም ከደመቀ ጨርቁ ስስ ነው፤ ልዩነት ከሌለው ወፍራም ነው ወይም ገበር አለው። ሁለተኛ፣ ቆዳ የሚነካበት፦ ክንድና ደረት ላይ የቆዳው ቀለም ምን ያህል ያልፋል? ሦስተኛ፣ ዳንቴሉ ከጨርቁ ጋር የሚገናኝበት። ዳንቴሉ ላዩ ላይ ብቻ ከተሰፋ ከታች የጨርቁ ጥላ ይታያል፤ ከታች ያለው ጨርቅ ተቆርጦ ከወጣ ግን ቆዳው ይታያል። ሁለተኛው ብዙ የእጅ ሥራ ይጠይቃል፤ ዋጋውም እንዲሁ። በዚያ ትርዒት ላይ የኦት ኩቱር ልብሶች አብረው ስለቀረቡ ለብቻ ለይቶ ማስቀመጥ ግድ ነው። ኩቱር በልክ የሚሰፋ እንጂ ሱቅ ተሰቅሎ የሚጠብቅ አይደለም፤ ከሪዞርቱ ጋር አንድ ላይ ከተቆጠረ ስለ ስብስቡ የሚሰጠው ፍርድ ይዛባል።

በስብስቡ ውስጥ ያሉት ልብሶች በዓይነት ይቆጠራሉ፤ ቆጠራው ቀላል ነው፦ ቀሚስ፣ ሱሪ፣ ጉርድ፣ ሹራብ፣ የዋና ልብስ፣ ከላይ የሚደረብ። «ከላይ የሚደረብ» የሚለው አምድ በኋላ የተጨመረ ነው፤ ጥቅሙ ግን ከሁሉ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ልብሱ ሱቅ የሚቆየው ከኖቬምበር እስከ ፀደይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ይህ ቀኑ ፀሐይ፣ ማታው ብርድ የሆነበት፣ የገናና የጥምቀት ጊዜ ነው፤ ጃኬት ወይም ሹራብ የሌለው ስብስብ ከመሸ አይለበስም። ዱባይና ዶሃ ላሉት ደግሞ ውጭ መቀመጥ የሚቻልበት ወራት ያኔ ስለሆነ ሪዞርት የጉዞ ሳይሆን የዘወትር ልብስ ነው፤ የ2026 ረመዳንም ፌብሩዋሪ ላይ እዚያው ውስጥ ይገባል። ለእነሱ የሚጠቅመው የእጅጌና የጉርድ ርዝመት፣ እንዲሁም ገበር መኖር አለመኖሩ ነው።

ስለ እጅ ሥራ ሲጻፍ የባለሙያውን ስም መግደፍ የተለመደ ጥፋት ነው። ዲዮር ኤፕሪል 2019 ማራካሽ ላይ ያሳየው የ2020 ክሩዝ ጥሩ ምሳሌ ነው፦ የዋክስ ጨርቁን (በሰም የሚታተም ጥጥ) የሠራው አቢጃን፣ ኮት ዲቯር የሚገኘው ፋብሪካ ዩኒዋክስ ነው። «አፍሪካዊ ጨርቅ» ብሎ ማለፍ ግምገማ አይባልም። የትኛው ከተማ፣ የትኛው ፋብሪካ፣ በማሽን ነው በእጅ? እውነተኛ ዋክስ ከጀርባውም ከፊቱ እኩል ቀለም አለው፤ ጠርዙ ሲገለበጥ ከታየ በአንድ ወገን ብቻ ከታተመው ይለያል።

ለእኛ በቅርብ የሚታየው ሊያ ከበደ በ2007 በኢትዮጵያ ሸማኔዎች ሥራ ላይ የጀመረችው ለምለም የተባለው የልብስ ድርጅት ነው፤ የባሕር ዳርቻና የበጋ ልብስ ዋና ሥራው ስለሆነ በሪዞርት መለኪያ ቢገመገም ትክክል ነው። በእጅ ሸማ ላይ መወርወሪያው ከእጅ ወደ እጅ ስለሚያልፍ የጨርቁ ስፋት በሸማኔው ክንድ ይወሰናል። ሰፊ ቀሚስ ከሆነ መጋጠሚያ የግድ ይኖረዋል፤ መጋጠሚያው የት እንደተደበቀ ማየት ዲዛይኑን ማየት ነው። ጥለቱን ደግሞ ጠርዙ ላይ ፈልጉ። ጥለቱ ከጠርዙ ጋር እኩል ካለቀ ጨርቁ ለዚያው ልብስ ታስቦ ተሸምኗል፤ መሐል ላይ ከተቆረጠ ከጣቃ ላይ የወጣ ነው። የማጉ አለመመጣጠን ጉድለት ተብሎ አይጻፍ፤ በጎን ስፌት ላይ መስመሩ አለመግጠሙ ግን ይጻፍ፤ እሱ የልብስ ሰፊው ጥፋት ነው። ላላ ብሎ የተሸመነ ጥጥ ሲታጠብ ስለሚያጥር ርዝመቱ ከመታጠቡ በፊት ይሁን በኋላ የተለካው ይጠየቅ።

ግምገማው ጁን ላይ ተጽፎ አይዘጋም። ኖቬምበር ላይ ተመልሶ የሱቁን ገጽ መክፈት ያስፈልጋል፦ የክሩ ዓይነት በመቶኛ፣ ርዝመቱ በሴንቲሜትር፣ የተሠራበት አገር። ያሳልፍ የነበረው ቀሚስ ገበር ይጨመርለታል፤ ከአራት ቀለም ሁለቱ ይቀራሉ፤ መድረክ ላይ የታየ ሉክ (አንድ ሞዴል የለበሰችው ሙሉ አለባበስ) ጭራሽ ሳይመረት ይቀራል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ትእዛዝ ነው፤ የሱቅ ገዢዎች ካዘዙት ተደምሮ ፋብሪካው የሚፈልገው ዝቅተኛ ብዛት ካልሞላ ሞዴሉ ይሰረዛል። ስለዚህ የጁኑ ጽሑፍ ከሉኩ ቁጥር ጋር ይቀመጥ፤ ኖቬምበር ላይ ከጎኑ «ተመረተ»፣ «ተለውጦ ተመረተ» ወይም «አልተመረተም» ተብሎ ይሞላል።