ዓይኔን ዝጋልኝ እያልኩ ስጸልይ

እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ስጽፍ እንባዬ ይቀድመኛል፣ ታገሡኝ።

አባቴ ካረፈ በኋላ ነው የጀመረኝ። ሌሊት እነቃለሁ፣ ዓይኔ ይገለጣል፣ ሰውነቴ ግን ድንጋይ። ዱካክ የምንለው ነገር ነው። በሩ ጋ የሆነ ሰው ይቆማል። ፊት የለውም፣ ግን እንደሚያየኝ አውቃለሁ። ከዚያ መጥቶ ደረቴ ላይ ይጫናል። ልጮህ እታገላለሁ፣ ድምፅ የለም።

ያኔ ከእግዚአብሔር ጋር ተጣልቼ ነበር። አልደብቅም። ስንት ጾሜ፣ ስንት አልቅሼ ለምኜው አባቴን ወሰደብኝ። «ሁለተኛ አታናግረኝ» ብዬዋለሁ፣ ጮክ ብዬ። ሌሊቱ ሲብስብኝ ግን አንድ ነገር ብቻ እለምነው ነበር፦ ዓይኔን ዝጋልኝ፣ ምንም እንዳላይ አድርገኝ።

5 ወር እንዲህ አለፈ።

እህቴን ሳላመሰግን አላልፍም። ፍራሽ አንጥፋ አልጋዬ ሥር ተኛች። ሐኪም ዘንድ የወሰደችኝም እሷ ናት። ሐኪሙ አልሳቀብኝም፣ ጌታ ይባርከው። ሕልም በምናይበት እንቅልፍ ላይ አንጎል ጡንቻን ያስራል አለኝ፣ በሕልማችን የምንሮጠውን በእግራችን እንዳንሮጠው። አንዳንዴ ሰው ማሰሪያው ሳይፈታ፣ ሕልሙም ሳያልቅ ይነቃል። ክፍሉ ውስጥ ሰው ያለ የሚመስለው ለዚህ ነው። ቢበዛ ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ይለቃል። እንቅልፍ ማጣትና በጀርባ መተኛት ያባብሰዋል። «ሲመጣብሽ አንድ ጣትሽን ለማንቀሳቀስ ሞክሪ» አለኝ። አመንኩት። ዛሬም አምነዋለሁ።

ያቺ ሌሊት ግን ከሁሉም ከፋች። 9 ሰዓት ገደማ ነው። መጣ። አውራ ጣቴን ልነቀንቅ ሞከርኩ፣ እምቢ አለኝ። የእህቴ ትንፋሽ ይሰማኛል፣ ክንዴን ብዘረጋ የምነካት ቦታ ላይ ናት፣ ግን ባሕር ማዶ ያለች ያህል ራቀችኝ። ደረቴ ላይ ያለው ከበደ። እዚህ ልሞት ነው አልኩ።

ከዚያ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ መጽሐፍ ቅዱስ ከዘጋሁ ወራት ሆኖኛል፣ የነቢዩ ኤልሳዕ ሎሌ ትዝ አለኝ። 2ኛ ነገሥት 6 ላይ ያለው። ማልዶ ሲወጣ ከተማዋ በጦር ተከባለች። «ጌታዬ ሆይ፥ ወዮ! ምን እናደርጋለን?» ኤልሳዕ ስለ ጦሩ ገና አልጸለየም። መጀመሪያ ለልጁ ዓይን ለመነለት፦ «አቤቱ፥ ያይ ዘንድ ዓይኖቹን፥ እባክህ፥ ግለጥ»። እኔ ደግሞ ዝጋልኝ እያልኩ ነው የከረምኩት! በልቤ፣ አፌ ታስሯልና፣ «ግለጥልኝ» አልኩ።

ሎሌው ዓይኑ ሲገለጥ እንዳየው የእሳት ሠረገላ አላየሁም። ምንም አላየሁም። ግን በግራዬ፣ በአልጋውና በግድግዳው መሃል፣ ሰው ሊቆምበት በማይችል ስንጥቅ ውስጥ፣ አንድ ከእኔ ጋር የሆነ እንዳለ አወቅሁ። እንዴት አወቅሽ አትበሉኝ። እናቱ ክፍል ስትገባ ፊቱን ያዞረ ሕፃን እንደሚያውቅ ነው። በሩ ጋ ያለው አልሄደም፣ ግን አነሰ። ኤልሳዕ ለሎሌው እንዳለው ነው፦ «ከእነርሱ ጋር ካሉት ከእኛ ጋር ያሉት ይበልጣሉና አትፍራ»። አውራ ጣቴ ተነቃነቀ።

ሐኪሙ ይኼም የሕልሙ ቅሪት ነው ቢለኝ አልከራከረውም። መንፈስን ሁሉ አትመኑ፣ መርምሩ ተብሏልና እኔም መርምሬዋለሁ። ያኛው በመጣ ቁጥር ትንፋሼን ይወስድብኝ ነበር። ይኼኛው መለሰልኝ።

ምላሴ ሲፈታ የወጣኝ ቃል ምስጋና አልነበረም። «አባቴን ለምን ወሰድክብኝ?» ነበር። እያለቀስኩ፣ እየጮህኩ። በ5 ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥቼ እያናገርኩት ነበር፣ ልብ ያልኩት በኋላ ነው። እህቴ ነቃች። መብራት አላበራችም፣ ምን ሆንሽ አላለችም። በጨለማ ተነሥታ እግሬን ያዘች፣ ቀስ ብላም መዝሙር ጀመረች፣ አባባ ሁልጊዜ ጠዋት የሚያንጎራጉረውን። እስኪነጋ አልለቀቀችኝም።

ከዚያ ወዲህ 8 ወር ሆነኝ። ሁለቴ መጥቶብኛል፣ ሁለቴም ወደ ግራዬ ጠብቄ አልፏል። ስለ አባቴ ለጠየቅሁት እስካሁን መልስ የለኝም፣ ግን በየማታው እጠይቀዋለሁ። እህቴ ፍራሿን ጠቅልላ ወደ ክፍሏ ከተመለሰች ቆየች።