ኦሪዮን፣ ጤዛና የእማዬ ነጠላ

ትላንት ሌሊት ደብረ ብርሃን ውርጩ አጥንት ይገባል፣ እኔ ግን ጋቢ ደርቤ ከከተማው መብራት ወጣ ብዬ የገብስ ማሳ ጥግ ትራይፖድ ተክዬ ኦሪዮን ኔቡላን፣ ኦሪዮን በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ያለውን የጋዝና የአቧራ ደመና፣ ፎቶ ሳነሳ አመሸሁ። በታኅሣሥ እኩለ ሌሊት ላይ እኛ ጋ አናት ላይ ነው ማለት ይቻላል፣ አውሮፓ ያሉት ይቅኑ።

ፎቶው አንድ ፎቶ አይደለም እኮ። 30 ሰከንድ 30 ሰከንድ የሆነ 140 ፍሬም፣ መሃሉ በጣም ስለሚያበራና ስለሚቃጠል ለሱ ብቻ ደሞ 5 ሰከንድ፣ ከዛ ሌንሱን ከድኖ ዳርክ (የካሜራውን የራሱን ነጠብጣብ ለመቀነስ)፣ ጠዋት ደሞ የእማዬን ነጠላ ሌንሱ ላይ ወጥሬ ፍላት (የአቧራ ነጥብና የጥግ ጥላ ለማጥፋት የሚነሳ ወጥ ነጭ ፎቶ)።
"ነጠላዬን ምን እያረግከው ነው?"
"ፎቶ እያነሳሁበት።"
"ነጠላ?" ብላኝ ወደ ጓዳ ገባች።

ላፕቶፕ ላይ ስከፍተው ከ6 ሰዓት በኋላ ያለው በሙሉ ጭጋግ! ለካ ሌንሱ ላይ ጤዛ ረግቶበታል፣ እኔ እዛው አጠገቡ ቆሜ እጄን ሳሽ። 61 ፍሬም ጣልኩ፣ አንጀቴ እያረረ።

የቀረውን ስታክ ሳደርገው፣ ማለትም ደራርቤ አንድ ፎቶ ሳደርገው፣ ጥቁር ነው፣ ምንም የለም፣ ከዛ ከርቩን (ድብዛዛውን የሚያጎላውን መስመር) ቀስ እያልኩ ስጎትተው የኔቡላው ክንፍ ብቅ አለ። 1,300 የብርሃን ዓመት ገደማ ተጉዞ የመጣ ብርሃን የኔ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ። ቀዩ ሃይድሮጅን ነው፣ ግን የካሜራዬ ፊልተር አብዛኛውን ስለሚቆርጠው ሮዝ ቢጤ ሆነ፣ ቀለም ጨምሬ ላስመስለው አልኩና ተውኩት፣ ውሸት ይሆናል።

ዛሬ ማታ ካልሲ ውስጥ የሞቀ ጨው አድርጌ ጤዛ እንዳይዘው ሌንሱ ላይ ልጠመጥም ነው። ካልሲው የእማዬ ነው፣ እንዳትነግሯት።